የየኔታ አልጋ አጠገብ ሰርቨር ስገጥም

ከአባቴ አልጋ አጠገብ ላፕቶፕ ከፍቼ መቀመጤን የወደደልኝ ዘመድ የለም። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ አባቴን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል፣ ከዚያ እናቴን ያያል። «እግዜር ይማርዎ፣ ምሕረቱን ያውርድልዎ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ዐይኑ ተመልሶ እኔው ላይ ነው። አንዷ አክስቴ እንዲያውም ሳትደብቅ ነገረችኝ። «አንተ፣ አባትህ ተኝተው ፊልም ታያለህ?» አለችኝ። ፊልም አይደለም፣ ሥራ ነው አልኳት። «እሱማ ሥራ ነው» አለች፣ ወደ እናቴ ዞራ ከንፈሯን እየመጠጠች። ኧረ ወዲያ! ምን ብዬ ላስረዳት? ፊልምስ በሆነ።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰሞን የሚሰማኝ ነገር አልነበረም። ሐዘን የለም፣ ቁጣ የለም፣ ፍርሃትም የለም። ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፣ እንባው ከየት እንደሚመጣለት ይገርመኛል። ብላ ሲሉኝ እበላለሁ፣ ተነሥ ሲሉኝ እነሣለሁ። ሰው ክንዱ ላይ ተኝቶ ሲነቃ ክንዱ የእሱ አይመስለውም አይደል? እኔ እንደዚያ የሆንኩት ሁለመናዬን ነው። ላፕቶፑን የከፈትኩትም ሥራው አጣድፎኝ ብቻ አይደለም፤ እጄ የሚይዘው ነገር ስላጣ ነው።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ጉባኤያቸው ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው፤ ባጃጅ እስከ ድልድዩ ያደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ልጅ ሆኜ ከተማሪዎቹ ጋር ስለተማርኩ አባዬ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም፤ እንደ ማንኛውም ተማሪ የኔታ ነው የምላቸው። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ በየዛፉ ሥር ተቀምጦ ሲቆጥር ይውላል። ቆጠረ ማለት የራሱን አዲስ ቅኔ በጭንቅላቱ አዘጋጀ ማለት ነው፤ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነገራ ይሆናል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያዘጋጀውን በዜማ ይናገራል። መምህሩ ይሰማል፣ የተጣመመውን ያቀናል። ያማረ ከሆነ «ይበል!» ይላል። የኔታ ይበል የሚሉት ከስንት አንዴ ነው።

ደግ ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ለተማሪ ያላቸውን ያካፍላሉ፣ ለተበላሸ ቅኔ ግን ምሕረት የላቸውም። ቤቱ ያልመታ ቅኔ ሲሰሙ ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ፊታቸው ይጨማደዳል፤ በበትራቸው መሬቱን ይመቱና «ተው!» ይላሉ። አንድ ጊዜ በንግሥ ቀን፣ ከሌላ አገር የመጡ ትልቅ እንግዳ በሕዝብ ፊት ቅኔ ሲያበላሹ «ተው!» ብለው ማኅሌቱን ጸጥ አድርገውታል። እንግዳው ተቆጥተው ሊሄዱ ሲሉ በሽማግሌ ነው የታረቁት። እናቴ «ምናለ ዝም ቢሉ?» ብትላቸው «ጆሮዬን ምን ላድርገው?» አሏት። እንዲህ ዓይነት ሰው ናቸው።

የታመሙት አዝመራ ሊሰበሰብ ሲል ነው። ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃፋችን ላይ ወደቁ። ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ተኝተው ቆዩ። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝና ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም እንደፈሰሰ፣ ቀኝ ጎናቸው ቀስ እያለ ሊመለስ እንደሚችል ነገረኝ። «ንግግሩስ?» አልኩት። «እሱን እንጃ» አለኝ። «የሚነገራቸው ይገባቸው አይገባቸው እንኳ አሁን አይታወቅም። በጊዜ ነው የምታዩት» አለኝ። አመስግኜው ተመለስኩ። ምስጋናዬ ለራሴም ጆሮ የሱቅ መልስ እንደተቀበለ ሰው ምስጋና ነበር።

ቤት ስንገባ አልጋቸውን በር አጠገብ አደረግነው። ዐይናቸው ይከፈታል፣ ይከደናል። ሙቅ ሲሰጧቸው ይውጣሉ። ቃል ግን የለም። እናቴ ጠዋት ጸበል ታስጠጣቸዋለች፣ ማታ ነገራ ሲያልቅ ደግሞ መጥታ «ዛሬም አልተናገሩም?» ትለኛለች። አልተናገሩም እላታለሁ። «ይሁን» ትላለች። በማግስቱም ያንኑ ትጠይቀኛለች።

አዎ፣ ነገራው አልቆመም ነበር። ያላስቆመው አስነጋሪው ነው። አስነጋሪ ማለት ከተማሪው ሁሉ ልቆ ጀማሪዎቹን በመምህሩ ፈንታ የሚሰማ ነው። የእኛው አስነጋሪ ከሰከላ በኩል የመጣ፣ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው ነው። «የኔታ አልሞቱም፤ ተኝተዋል እንጂ። ተኝተው ይሰማሉ» አለ። ስለዚህ በየቀኑ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ተማሪዎቹ ከአልጋቸው ግርጌ ይደረደራሉ። አንድ በአንድ እየተነሡ ይናገራሉ። የኔታ ጣሪያውን ያያሉ። ተናጋሪው ጠብቆ ጠብቆ፣ ምንም ሲያጣ፣ እጅ ነሥቶ ይቀመጣል። እኔ ጥግ ላይ ላፕቶፔን እየነካካሁ እሰማቸዋለሁ።

አሁን ስለ ላፕቶፑ ልናገር። እኔ ቡሬ ካምፓስ ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል፣ የመውጫ ፈተና ደግሞ እየደረሰ ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደወለልኝና ስለ አባቴ ጤና ከጠየቀኝ በኋላ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ተማሪዎቹ ኮድ እየጻፉ ስህተታቸውን የሚነግራቸው የለም። እባክህ አንዱ ማሽን ላይ ሰርቨሩን አስነሣልን፣ ወደ ሌላው እንገለብጠዋለን» አለኝ። እሺ አልኩት። ምን ቢለኝ እሺ የምልበት ጊዜ ነበር።

ኤዲተር ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም ነው። ብቻውን ሲሆን ባዶ ገጽ ነው፤ የጻፍክበትን ተሸክሞ ዝም ይላል። ላንጉዌጅ ሰርቨር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ከጀርባው ሲገጠምለት ግን የምትጽፈውን እግር በእግር ያነባል። ስታበላሽ ወዲያው ከሥሩ ቀይ መስመር ያሰምርብሃል። ግማሹን ስትጽፍ የቀረውን ይጠቁምሃል። ኢንተርኔት ባለበት አገር ይህን መግጠም አንድ ቁልፍ ተጭኖ ቁጭ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ፋይሉ ባሕር ዳር ደርሶ በመጣ ሰው ፍላሽ ነው የሚመጣው፣ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ።

መጣ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፍላሹን በባጃጅ ድልድዩ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ጫንኩት። ሰርቨሩ ይነሣና ትንፍሽ ሳይል ይሞታል። ለካ ራሱን የሚያስኬድለት ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ ፍላሹ ውስጥ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እንደገና ልከን፣ እንደገና ጠብቀን፣ ያም መጣ። መብራት ደግሞ በዚያው ጠፋ። መብራት ሲመለስ ጫንኩትና ይህን ጊዜ ሰርቨሩ ተነሥቶ ቆመ። ከኤዲተሩ ግርጌ ትንሿ ምልክት መገናኘቱን አሳየችኝ፤ ከጎኗም ስህተት የለም የሚል ጽሑፍ መጣ። የተማሪዎቹን የቆየ ኮድ አንድ በአንድ ከፈትኩ። ስህተት የለም። ሌላውንም፣ ስህተት የለም።

እኔ ተማሪዎቼን አውቃቸዋለሁ። በጭራሽ ሊሆን አይችልም።

በዚህ መሐል የቅኔ ተማሪዎቹ ሊሄዱ ማሰባቸውን ሰማን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገሩ ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። በግሽ ዓባይ በኩል ስመ ጥር መምህር አሉ፣ ወደዚያ እንውረድ ይባባላሉ አሉ። ልፈርድባቸው አልችልም። የቅኔ ተማሪ ከመምህር መምህር መዞሩ ደንብ ነው። የማያርም መምህር ፊት መቆም ዕድሜን መብላት ነው። እነሱ ከሄዱ ግን ጉባኤው ተፈታ። ጉባኤው ከተፈታ የኔታ ምን ይሆናሉ? በሬ ጠምደው አያውቁም፣ ገበያ ወጥተው አያውቁም፣ ዕድሜያቸውን የኖሩት እየሰሙ ነው። ይህን ሁሉ አስባለሁ፤ ግን የሰው ጉዳይ የማስብ ያህል ነው የማስበው። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች።

አስነጋሪው ተማሪዎቹን ለመናቸው። «ጾመ ነቢያት እስኪገባ ታገሡ። የኔታ እየሰሙ መሆናቸውን የሚያሳይ አንዳች ነገር ካገኘን እንቆያለን። ካላገኘን ማንም ማንንም አይዝም» አላቸው። ተስማሙ። ጾሙ ቅርብ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አስነጋሪው የኔታን ሊያገላብጥ መጣ። ትራሳቸውን ካስተካከለ በኋላ ከጀርባዬ ቆመ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ።

«እያበላሸሁ ነው።»

«ሆን ብለህ?»

«ሆን ብዬ። ይኼ ነገር የጻፍኩትን ሁሉ ስህተት የለም ይለኛል። አንብቦ ከሆነ እሰየው። ሳያነብ ከሆነ ግን ስህተት የለም ማለቱ ምን ይረባኛል? እና ዕውር እንኳ የማያልፈውን ስህተት እሰጠዋለሁ። ካሰመረበት እያነበበ ነው።»

«ካላሰመረበትስ?»

«ካላሰመረበትማ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።»

አላሰመረበትም። ቅንፉን ሳልዘጋ ተውኩት፣ ዝም። የሌለ ቃል ፈጥሬ አስገባሁ፣ ዝም። በመጨረሻ «ጤፍ ጤፍ ጤፍ» ብዬ ጻፍኩበት። ስህተት የለም አለኝ። ትንሽ ሳቅሁ። አስነጋሪው አልሳቀም። ወደ አልጋው ዞሮ የኔታን ብዙ አያቸው፤ ከዚያ ነጠላውን አስተካክሎ ወጣ።

ችግሩን ያገኘሁት ሰርቨሩ የዋለበትን የሚመዘግብበትን ፋይል ሳነብ ነው። የፎልደሩ ስም መኖር በነበረበት ቦታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። ለካ ፎልደሩን «የተማሪዎች ሥራ» ብዬ በአማርኛ ሰይሜዋለሁ! ይኼ ሰርቨር ደግሞ ፊደላችንን አያውቅም፤ መንገዱን ስቶ፣ ፋይሎቹ ያሉበት ሳይደርስ፣ ውጭ ቆሞ ነበር ስህተት የለም ሲለኝ የከረመው። ይኼን ስህተት የሚሠራ የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው። ስሙን በላቲን ፊደል ለወጥኩት። ወዲያው ገጹ ቀይ በቀይ ሆነ። የተማሪዎቼ ጥፋት፣ የእኔም ጥፋት፣ ያ የጤፍ ነገር ሳይቀር ተሰመረበት።

መደሰት ነበረብኝ፣ ያን ያህል ተንገላትቼበት የለም? ለኃላፊው ደውዬ ሠርቷል አልኩት። «አንበሳ!» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ቀዩን መስመር እያየሁ ተቀመጥኩ። ምንም።

አመሻሹ ላይ አስነጋሪው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጠራኝ። ነገር ሲኖረው ነገሩን አዙሮ አዙሮ ነው የሚያመጣው፤ ስለ ጤፉ አወራኝ፣ ስለ መንገዱ አወራኝ፣ የላፕቶፑን ደኅንነት እንኳ ጠየቀኝ። ሠራልኝ አልኩት።

«ካበላሸህበት በኋላ ሠራ?»

«እሱ እንኳ ፎልደሩን ቀይሬ ነው። ግን ማበላሸቴ ነው ያሳወቀኝ።»

«እና እኔም ሳስብበት ቆየሁ» አለ። «እኛ ለየኔታ ያማረ ያማረውን መርጠን ነው የምንናገራቸው፣ ሕመማቸው እንዳይብስ ብለን። ያማረ ሲሰሙ ዝም ቢሉ ምን ይገርማል? ደህናም ሳሉ ዝም ነው የሚሉት። የተሰበረ ሰምተው ዝም ማለት ግን አይችሉም። ቃል ቢያቅታቸው ፊታቸው ይጨማደዳል፣ ግራ እጃቸው ይነሣል። ያን ካየን በቃን። ባይናገሩም በፊታቸው እየታረምን እንማራለን። ማንም ንቅንቅ አይልም።»

«ታዲያ ስበርባቸዋ።»

«እኔ?» ደነገጠ። «ተማሪ መምህሩን ይፈትናል እንዴ? ምላሴ ይታሰራል። አንተ ግን ልጃቸው ነህ፣ ይቅር ይሉሃል።» ጠጋ አለኝና «ደግሞ አንተ ሳታስበውም ትሰብራለህ» አለኝ።

ነውረኛ! ሁለታችንም ሳቅን።

በማግስቱ ቆጠራ ወጣሁ፤ ካቆምኩ ስንት ዘመኔ። ከግራሩ ሥር ተቀምጬ ሁለት መስመር የሆነች ጉባኤ ቃና አዘጋጀሁ። ቅኔ ማበላሸት ቀላል አይምሰላችሁ፤ አባቴ ያስገቡልኝ ዜማ እጄን እየያዘ ወደ ቀናው ይመልሰኝ ነበር። ነቢዩ ኤልያስን በእሳት ሠረገላ ፈንታ በባጃጅ አሳረግሁት። እሱስ ይሁን፣ ለቅኔ ባጃጅ ነውር አይደለም። ከዚያ ግን ቤቱን ሰበርኩ፣ ዜማውን አጣመምኩ፣ መጨረሻው ላይ ከመጀመሪያው ጋር በምንም የማይገናኝ ነገር ደነቀርኩበት። ለራሴ ስናገረው ገላዬን ኮሰኮሰኝ። ከከረምኩበት ድንዛዜ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያ ነገር ያ ነበር፣ እፍረት።

ማታ ተማሪዎቹ ተደረደሩ። አስነጋሪው ምክንያቱን ነግሯቸዋል፤ ሁሉም የኔታን ፊት ነው የሚያዩት። እናቴ ምንም አታውቅም፤ ከምድጃው አጠገብ ምስር ትለቅማለች። እኔ ከተማሪዎቹ ፊት ወጥቼ ከአልጋው አጠገብ ቆምኩ። ጮክ ብዬ፣ ጠማማውን ዜማ ሳላቃና፣ ሁለቱንም መስመር ተናገርኩ። ከኋላዬ አንዱ ተማሪ ሳያስበው «ውይ» አለ።

የኔታ ዐይናቸውን ከጣሪያው አወረዱ። እኔን አዩኝ። ግራ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሣ። ና፣ ተው በሉኝ፣ በበትር በሉኝ፣ ስድብም ይሁን አልኩ በሆዴ። ከንፈራቸው ተላወሰ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ።

«ይበል» አሉ።

ድምፃቸው የሰለለ ነው፣ ግን ጥርት ያለ ቃል ነው። ፊታቸው አልተጨማደደም። ፈገግ ብለው ነበር። ያን ሁሉ የልጅነት ዘመን ፊታቸው ቆሜ ስናገር፣ አንድም ቀን፣ ተሳስተው እንኳ፣ እኔን ይበል ብለውኝ አያውቁም።

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አስነጋሪው ተንበርክኮ የየኔታን ጉልበት በብርድ ልብሱ ላይ ሳመ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እናቴ የምስሩን ሰፌድ ጥላ ተነሣች። «ተናገሩ! እልልልል!» ምስሩ በየመሬቱ ተበተነ። «ኧረ ተናገሩ! ያገሬ ሰው ኑ ስሙልኝ! ተመስገን የኔ ጌታ!» አልጋው ላይ ወድቃ እጃቸውን ሳመች፣ እኔን ሳመች፣ ደጅ ወጥታ እንደገና እልል አለች። ጎረቤት «ምን ተገኘ?» እያለ ይመጣ ጀመር። ከተማሪዎቹ አንድም አብሯት እልል ያለ የለም፤ ያን ግን ልብ አላለችውም።

«ለአንተ ነው ያሉት አይደል? ምን አሉህ?» አለችኝ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ።

«ይበል አሉኝ።»

«ወደዱልህ ማለት ነዋ!»

«አዎ።»

ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። የደስታ መሰላት፣ በነጠላዋ ጠረገችልኝ። ጎረቤቶቹ እየገቡ በየጥጉ ቆሙ፣ ተማሪዎቹ እየተጠጋጉ ቦታ ለቀቁላቸው።

«በል እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ? ድገምላቸው ልጄ፣ እነዚህም ይስሙ» አለች።

አስነጋሪውን አየሁት፤ ቀና አላለም። እንባዬን ውጬ፣ ያንኑ የተሰበረውን ቅኔ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩላቸው።

«ይበል» አሉኝ አባቴ።